ከምልምል እስከ ጓድ መሪ፦ በምስለ ውጊያ ጨዋታ ለሚሰለፍ ሰው የተጻፈ መመሪያ

በምስለ ውጊያ ጨዋታ ለመሰለፍ የሚሻ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው፥ የሚገባበት ማኅበር ከመጫወቻ አደባባይ ይልቅ ለጉባኤ ቤት የሚቀርብ መሆኑን ነው። በሌሎቹ የተኩስ ጨዋታዎች ተጫዋቹ ብቻውን ሮጦ፥ ብቻውን ተኩሶ፥ በሞተም ጊዜ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ተነሥቶ ይቀጥላል፤ በዚህኛው ግን ሠላሳና አርባ ሰዎች ከልዩ ልዩ አገር በኮምፒዩተር ተገናኝተው፥ በአንድ አዛዥ ቃል እየተመሩ፥ ብዙ ኪሎ ሜትር በእግር ተጉዘው፥ አንዳንድ ቀንም በሁለት ሰዓት ጨዋታ ውስጥ አሥር ጥይት እንኳ ሳይተኩሱ የተሰጣቸውን ተልእኮ ፈጽመው ይመለሳሉ። እንዲህ ያለውን ትዕግሥት የሚጠይቅ ጨዋታ የሚወዱ ሰዎች በአሜሪካና በአውሮፓ በብዙ ክፍሎች ተደራጅተው ይገኛሉ፤ እኔም ከአዲስ አበባም ሆነ ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ ሆነው ወደ እነዚህ ክፍሎች ለመግባት ለሚያስቡ አንባቢዎች፥ በብዙ ዓመት የተማርሁትን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

ጨዋታን የጦር መማሪያ ማድረግ የዘመናችን ፈጠራ አይደለም። በአገራችን ፈረሰኛው ጉግስ ሲጫወት መመከትንና መወርወርን፥ ፈረስ መግታትንም ይለማመድ ነበር። በፕሩሲያም ባሮን ቮን ራይስቪትስ የተባለው ሰው በ1812 የጦርነትን አካሄድ በገበታ ላይ የሚያሳይ ጨዋታ ለንጉሡ አቀረበ፤ የመድፈኛ መኮንን የነበረው ልጁም በ1824 ያንኑ ጨዋታ ከገበታ ወደ ካርታ አዛውሮ፥ ከተጫዋቾቹ በላይ ተቀምጦ የሚፈርድ ዳኛ እንዲመራው አደረገ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌአለሁ። ይህ ዳኛ ዛሬም አልቀረም፤ ፕራግ ከተማ የሚገኘው ቦሂሚያ ኢንተራክቲቭ የተባለው ድርጅት፥ በ2001 ኦፕሬሽን ፍላሽፖይንትን፥ በ2013 ደግሞ አርማ 3ን ካወጣ በኋላ፥ በ2014 ዜውስ የተባለውን የጨዋታ መሪ ሥልጣን ጨመረበት፤ ዜውስ የሆነውም ሰው ሁሉን ከላይ እያየ የጠላትን ወታደሮች ያንቀሳቅሳል፥ ያበዛል፥ ይቀንሳልም። ከዚሁ ዘር የወጣውን ቪቢኤስ የተባለ ፕሮግራም የአሜሪካ ማሪን ኮርና የአውስትራሊያ ሠራዊት ለማሠልጠኛ ተጠቅመውበታል። እኔ የምናገረው በአርማ 3 ስለተደራጁት ክፍሎች ነው፤ ነገር ግን በስኳድ ወይም በአርማ ሪፎርጀር ለሚጫወቱትም አብዛኛው ቃል ይሠራል።

ክፍልን ስለ መምረጥ

በመጀመሪያ የሚመረመረው ሰዓት ነው። ብዙ አዲስ ገቦች የክፍሉን አርማና የደንብ ልብስ አይተው ልባቸው ከተማረከ በኋላ፥ የጨዋታው ሰዓት ከሕይወታቸው ጋር የማይስማማ ሆኖ ስላገኙት በሁለተኛው ሳምንት ይጠፋሉ። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል በእነርሱ አቆጣጠር ቅዳሜ ማታ በስምንት ሰዓት የሚጀምር ጨዋታ ለአዲስ አበባ ሰው በበጋቸው ከሌሊቱ 9 ሰዓት፥ በክረምታቸው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ይውላል፤ እሑድ ማለዳ ቅዳሴ የሚያስቀድስ ወይም ሰኞ ሥራ የሚጠብቀው ሰው ይህን ለአንድ ወር እንኳ አይችለውም። ስለዚህ በኢትዮጵያ የሚኖር ሰው የአውሮፓን ክፍል ቢመርጥ ይሻለዋል። ክፍሎቹ ሰዓታቸውን ብዙ ጊዜ ዙሉ በሚሉት በግሪኒች ሰዓት ይጽፋሉ፤ ይህንም ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ 3 ይቀንሱ፥ ውጤቱ ከ12 ከበለጠ 12 ይቀንሱ፥ ከ1 ካነሰ ደግሞ 12 ይጨምሩ። እንግዲህ ዙሉ 19 ሰዓት ማለት በአዲስ አበባ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው።

ቀጥሎ የሚመረመረው የክፍሉ ጠባይ ነው። አንዳንዱ ክፍል የአንድን እውነተኛ ጦር፥ ለምሳሌ የአሜሪካንን 75ኛ ሬንጀር ሬጅመንት፥ ከነስያሜው፥ ከነማዕረጉና ከነሥርዓተ ሰላምታው ይመስላል፤ ሌላው ደግሞ ማዕረግ የሚባል ነገር ሳይኖረው፥ ጨዋታው ሲጀመር ብቻ መሪ መርጦ፥ ሲያበቃ ሁሉም እኩል ወዳጅ ሆኖ ይለያያል። ሁለቱም መልካም ናቸው። ሥርዓትና ወግ የሚወድ ሰው በመጀመሪያው ደስ ይለዋል፤ የመኮንንነት ወግ የሚከብደው ግን ወደ ሁለተኛው ይሂድ። ሆኖም ማዕረግ የሌለበት ክፍል ተግሣጽ የሌለበት ክፍል እንዳይመስልዎ፤ ካየኋቸው ሁሉ በመታዘዝ የበለጡት ምልክት የማይለጥፉት ነበሩ።

ከመልማዩ ጋር በሚነጋገሩበት ጊዜ የአባሎቻቸውን ብዛት አይጠይቁ፤ በስም ዝርዝር ላይ መቶ ሰው ኖሮ በጨዋታ ምሽት አሥራ ሁለት ብቻ የሚሰለፉበትን ክፍል አይቻለሁና። ይልቁንስ ባለፉት ሦስት ጨዋታዎች ስንት ሰው እንደተገኘ፥ አዲስ ገብን ማን፥ በየትኛው ቀን እንደሚያሠለጥን፥ መቅረት ሲያጋጥም ፈቃድ እንዴት እንደሚጠየቅ፥ በሌላ ክፍል በተጨማሪ መጫወት እንደሚፈቀድና እንደማይፈቀድ ይጠይቁ። ብዙዎቹ ዕድሜው 16 ወይም 18 ዓመት ያልሞላውን አይቀበሉም፤ ይህንም በውሸት አያልፉት።

በቶሎ ማዕረግ ከሚሰጥ ክፍል ይሽሹ። ይህን የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ክፍል በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት፥ ሰው አንሶት ስለነበር፥ ሃምሳ አለቃ ብሎ ሾመኝና ስምንት ሰዎች ሰጠኝ። በዚያው ምሽት ጠላት ከአንድ ሸንተረር ላይ ይዞን ስለነበር የሞርታር ድጋፍ ጠየቅሁ፤ የካርታው ቁጥር 062 058 ሆኖ ሳለ እኔ ግን ወደ ላይ የሚቆጠረውን አስቀድሜ 058 062 ብዬ ነገርሁ። ስድስት አኃዝ ያለው የካርታ ቁጥር በመጀመሪያ ወደ ቀኝ፥ ከዚያ ወደ ላይ እንደሚነበብ፥ እያንዳንዱም አኃዝ በመጨረሻው ቤት መቶ ሜትር እንደሚያመለክት ያስተማረኝ አልነበረም። ሞርታሩ ከሸንተረሩ ከአምስት መቶ ሜትር በላይ ርቆ፥ የእኛ ሁለተኛ ጓድ ተደብቆ በሚጠብቅበት ጫካ ውስጥ ወደቀ፤ ዘጠኙም ሰዎች የምሽቱን ቀሪ ጊዜ ተመልካች ሆነው አሳለፉት። ያ ክፍል በእኔም ላይ፥ በእነርሱም ላይ በደል ፈጸመ፤ ያልተማረን ሰው መሾም ለተሿሚው ክብር አይሆንም፥ ለተመሪውም ጉዳት ነው።

ስለ ክፍሉ አቋም

ክፍል ከገቡ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት አቋሙን በቃል ይያዙ፤ ማን ለማን እንደሚታዘዝ ያላወቀ ሰው በሬዲዮ የሚሰማውን ሁሉ ለራሱ የተነገረ ያስመስለዋል። የአሜሪካን እግረኛ ጦር የሚመስሉት ክፍሎች መሠረታቸው የአራት ሰው ቡድን ነው፤ የቡድን መሪ፥ መትረየስ ተኳሽ፥ የቦምብ ማስወንጨፊያ ያለው ጠመንጃ የሚይዝና ጠመንጃ ያዥ። ሁለት ቡድንና አንድ መሪ ዘጠኝ ሰው ሆነው ጓድ ይባላሉ፤ ሦስት የጠመንጃ ጓድና አንድ የከባድ መሣሪያ ጓድ ከአዛዡ ክፍል ጋር መቶ ይሆናሉ። ማሪኖች ግን በልማዳዊ አቋማቸው ሦስት ቡድን በአንድ መሪ ሥር አድርገው ጓዱን አሥራ ሦስት ያደርሱታል፤ እንግሊዞች ደግሞ ስምንት ሰው በሁለት ቡድን ከፍለው ያሰልፋሉ። የትኛውም ይሁን፥ ከአራቱ ሰዎች መካከል የትኛው ቦታ የእርስዎ እንደሆነ፥ ከፊትዎና ከኋላዎ የሚሄደውም ማን እንደሆነ ሳያዩ የሚያውቁ ይሁኑ።

በእኛ ቋንቋ የማዕረግ ስም ከቁጥር የተወለደ ነው፤ አሥር አለቃ፥ ሃምሳ አለቃ፥ መቶ አለቃ፥ ሻለቃም ሺ አለቃ ከማለት የመጣ፥ ስንት ሰው እንደሚመሩ በስማቸው ይናገራሉ። በጨዋታው ክፍል ግን ማዕረግና ኃላፊነት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን ልብ ይበሉ። ማዕረግ የአገልግሎትዎን ዘመንና የወሰዱትን ትምህርት የሚያስታውስ ምልክት ነው፤ ኃላፊነት ግን በዛሬው ምሽት የተሰጠዎት ሥራ ነው። መቶ አለቃ የሆነ ሰው ለአንድ ምሽት ጠመንጃ ያዥ ሆኖ ሲሰለፍ፥ ጓዱን የሚመራው ደግሞ አሥር አለቃ ሲሆን፥ የሚታዘዘው መቶ አለቃው ነው። ይህን ያልተቀበለ ክፍል በየጨዋታው መካከል ሲጨቃጨቅ ያመሻል።

ከጦር ሜዳው ውጭ ያለው አቋም አዲስ ገቡን ብዙ ጊዜ ያስገርመዋል። ክፍሎቹ የሠራዊቱን የመምሪያ አከፋፈል ተከትለው ሥራውን ከኤስ 1 እስከ ኤስ 6 ይከፋፈሉታል፤ ኤስ 1 የሰው ኃይል ነው፥ ምልመላና የመቅረት ፈቃድ በእርሱ በኩል ያልፋል፤ ኤስ 2 መረጃ ነው፤ ኤስ 3 ዘመቻና ሥልጠና፥ ኤስ 4 ስንቅና ትጥቅ፥ በጨዋታውም ዓለም ሞድ የሚባሉትን ተቀጽላዎች የሚያዘጋጅ፥ ኤስ 6 ደግሞ ሰርቨሩንና መገናኛውን የሚጠብቅ ነው። ኤስ 5ን እያንዳንዱ ክፍል እንደ ፈቃዱ ይተረጉመዋል፤ ብዙውን ጊዜ የሕዝብ ግንኙነት ይሆናል። ክፍልን የሚያፈርሰው፥ እስካየሁት ድረስ፥ ጠብ አይደለም፤ ተልእኮውን የሚጽፈው፥ አዲስ ገቡን የሚያሠለጥነውና ሰርቨሩን የሚጠግነው አንድ ሰው ሆኖ፥ ያ ሰው በድካም ብዛት አንድ ቀን መቅረቱ ነው። ስለዚህ ከስድስት ወር በኋላ ከእነዚህ መምሪያዎች በአንዱ ቢያንስ የአንድ ሰው ሸክም ያንሡ።

ስለ ትምህርቱ መንገድ

የቤተ ክህነት ተማሪ ከፊደል ወደ ዳዊት፥ ከዳዊት ወደ ዜማ ቤት፥ ከዚያም ወደ ቅኔ ቤት እንደሚሄድ ሁሉ፥ የምስለ ውጊያ ተማሪም ደጃፎቹን በተራ ያልፋቸዋል፤ ፊደሉን ሳይለይ ቅኔ ልዝረፍ የሚለውን ማንም መምህር አይቀበለውም።

ፊደሉ መሠረታዊ ሥልጠና ነው። እርሱ ከመጀመሩ በፊት አርማ 3ንና ክፍሉ የሚያዝዘውን ሞድ ሁሉ ስቲም ከተባለው የጨዋታ መደብር ያውርዱ፤ ክብደታቸው በብዙ አሥር ጊጋባይት የሚቆጠር ስለሆነ ለሥልጠናው ምሽት ዋዜማ የሚተው አይደለም፥ መብራትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ደግሞ አንድ ሳምንት መስጠት ይገባል። ሥልጠናው ራሱ የሚጀምረው በመቆም፥ በመንበርከክና በመተኛት፥ መሣሪያን ዝቅ አድርጎ በመያዝ፥ በወዳጅ ላይ አፈ ሙዝ ባለማዞር ነው። ከዚያ የጉዞ ሰልፍ ይመጣል፤ በመንገድና በጠባብ ስፍራ በነጠላ ሰልፍ፥ በሜዳ በሽብልቅ ቅርፅ፥ በሰውና በሰው መካከል ከአምስት እስከ አሥር ሜትር ተራርቆ መሄድ። አዲስ ገብ ሁሉ በፍርሃት ወደ ጎረቤቱ ይጠጋል፤ አንድ ቦምብም አራቱን ባንድነት ይወስዳቸዋል። መራራቅን እጅዎ እስኪለምደው ድረስ በየደቂቃው ግራና ቀኝ ይመልከቱ።

ካርታና ኮምፓስ ከዚያ ይቀጥላሉ። ብዙ ተልእኮ የሚፈጸምበት አልቲስ የተባለው የጨዋታው ደሴት 270 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን፥ የተሣለውም በግሪክ አገር ያለውን የሌምኖስን ደሴት በመምሰል ነው፤ በመስከረም 2012 ሁለት የቦሂሚያ ኢንተራክቲቭ ሠራተኞች በዚያ ደሴት በስለላ ተጠርጥረው ተይዘው እስከ ጥር 2013 ታስረው ቆይተዋል። እንዲህ ባለ ሰፊ ምድር ላይ ቦታን በካርታ ሳያገኙ መሄድ በጨለማ ቤት ውስጥ መርፌ መፈለግ ነው። በየቀኑ አሥር ደቂቃ ብቻዎን ገብተው፥ አንድ ኮረብታ መርጠው፥ ቁጥሩን ከካርታው አንብበው፥ አቅጣጫውን በኮምፓስ ለክተው፥ ካርታውን ዘግተው በእግር ይድረሱበት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከብዙ ነባሮች ትሻላላችሁ የሚባሉት ሰዎች የሚሠሩት ይህን ብቻ ነው።

ሬዲዮ ግን ከሁሉ የሚረዝም ትምህርት ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። ክፍሎቹ ቲምስፒክ በተባለው የድምፅ መነጋገሪያ ፕሮግራም ላይ ኤከር ወይም ታስክ ፎርስ ራዲዮ የተባለውን ተቀጽላ ይጨምራሉ፤ በዚህም ምክንያት በአጠገብዎ የሚናገረው ሰው ሲርቅ ድምፁ እየሳሳ ይሄዳል፥ የሬዲዮውም ድምፅ ተራራ ሲጋርደው ይሻክራል። ለመናገር በልማድ የተመደበው ካፕስ ሎክ የሚባለው ቁልፍ ነው። ተጭነው ወዲያው አይናገሩ፤ አንድ ትንፋሽ ያህል ይጠብቁ፥ አለዚያ የመጀመሪያው ቃል ይቆረጣል። በመጀመሪያ የሚጠሩትን፥ ቀጥሎ ራስዎን ይሰይሙ፤ ጠላት ባዩ ጊዜ ደግሞ «ኮንታክት» ብለው አቅጣጫውን፥ ርቀቱን፥ ምንነቱን በዚሁ ተራ ይናገሩ። ለምሳሌ ሁለት ሁለት የተባለው ሁለት አንድ የተባለውን ሲጠራ፦ «ሁለት አንድ፥ እኔ ሁለት ሁለት ነኝ። ኮንታክት፥ አቅጣጫ ዜሮ አራት አምስት፥ ሁለት መቶ ሜትር፥ ከነጩ ቤት በስተግራ አራት እግረኛ።» ይህ በጥቂት ሴኮንድ ይነገራል። «እዚያ ጋ፥ እዚያ ጋ፥ ከዛፉ አጠገብ!» ማለት ግን ያጥራል እንጂ ለማንም አይጠቅምም፤ በአልቲስ ምድር ዛፉ ስፍር ቁጥር የለውምና።

እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ለተማርን ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። ፊፍቲንና ፊፍቲ በሬዲዮ ሻካራ ድምፅ ፈጽሞ አይለዩም፤ ስለዚህ አኃዙን እየነጣጠሉ ዋን ፋይቭ፥ ፋይቭ ዜሮ ማለት ሥርዓቱ ነው፥ ይህም ሥርዓት በእንግሊዝኛ ላልተወለደ ሰው ትልቅ ምርኩዝ ይሆነዋል። ያልሰሙት ነገር ሲኖር «ሴይ አጌይን» ይበሉ፤ «ሪፒት» አይበሉ፥ ይህ ቃል በመድፈኞች ዘንድ ያንኑ ተኩስ ድገም ማለት ነውና። አነጋገሬ ይሳቅበት ይሆን ብለው ዝም ያሉ ብዙ የአገሬን ልጆች አውቃለሁ፤ በመልካም ክፍል ውስጥ ግን ቃሉን አሳጥሮ፥ ረጋ ብሎ፥ ቁጥሩን አስተካክሎ የሚናገር ሰው ከየትም ቢመጣ ይከበራል።

መሠረታዊውን ሥልጠና ከጨረሱ በኋላ የሙከራ ጊዜ ይቀጥላል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ጥቂት ጨዋታዎች ነው። በዚህ ጊዜ የሚታየው የተኩስ ችሎታዎ አይደለም። በሰዓቱ መምጣትዎ፥ የማይመጡ ከሆነም አስቀድሞ ማስታወቅዎ፥ የቡድን መሪው ቁም ባለ ጊዜ መቆምዎ ነው።

ሙያን ለመምረጥ አይቸኩሉ። ለሦስት ወር ያህል ጠመንጃ ያዥ ሆነው ይቆዩ፤ መትረየስ ተኳሹ ለምን ከኋላ ቀርቶ እንደሚተኩስ፥ ጓደኛው ለምን ተጨማሪ ጥይት እንደሚሸከምለት ያዩታል። ፀረ ታንክ ለመሆን ቢያስቡ፥ ከማስወንጨፊያው ጀርባ የሚወጣው ነበልባል ከኋላ የቆመውን ወዳጅ እንደሚያቆስል አስቀድመው ይወቁ። ሄሊኮፕተር ነጂነትን ሁሉም ይመኘዋል፥ ወንበሩ ግን ጥቂት ስለሆነ ተራው ረጅም ነው።

እኔ ለአዲስ ገቦች የምመክረው የሕክምናን ሙያ ነው፤ ክፍሎች ሁልጊዜ የሚያንሳቸው እርሱ ነው፥ አእምሮንም እንደ እርሱ የሚገራ የለም። ኤይስ 3 በተባለው ተቀጽላ ውስጥ ቁስለኛ አንድ ቁልፍ ተጭኖ የሚድን አይደለም። የወደቀ ጓደኛዎን አይተው ወደ እርሱ አይሩጡ፤ በመጀመሪያ የጠላት ተኩስ ዝም እንዲል ያድርጉ፥ ጭስ ይጣሉ፥ ከዚያ ወደ ሽፋን ይጎትቱት። እጁ ወይም እግሩ በብርቱ የሚደማ ከሆነ ማሰሪያውን ከቁስሉ በላይ ይሰሩ፤ ቁስሎቹን አንድ በአንድ በፋሻ ይዝጉ፤ የልብ ትርታውን ይቁጠሩ፤ የፈሰሰውንም ደም በደም ወይም በሴሊን ከረጢት ይተኩ። እዚህ ላይ ጀማሪው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ በታሰረው ክንድ ላይ የተወጋ መድኃኒት ማሰሪያው እስኪፈታ ድረስ ወደ ሰውነት አይዘልቅም። ጀማሪው ሞርፊን ወግቶ ለውጥ ሲያጣ ሁለተኛ፥ ሦስተኛም ይጨምራል፤ ማሰሪያው በተፈታ ጊዜ ግን የተጠራቀመው ሁሉ ባንዴ ይገባና የቁስለኛውን ልብ ያቆመዋል። ስለዚህ መድኃኒትን ባልታሰረው ክንድ ይውጉ፥ የወጉበትንም ሰዓት ይያዙ። ይህ የጨዋታ ሕክምና ነው፥ በእውነተኛ ሰው ላይ የሚሠራበት ትምህርት አይደለም።

ወደ መሪነት ስለ ማለፍ

በቅኔ ቤት የበሰለው ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ ታናናሾቹን እያስጠና የመምህሩን ሸክም ያቀልላል፤ የቡድን መሪም እንዲሁ ነው። ሦስት ሰዎችን ብቻ ይመራል፥ ነገር ግን የሦስቱን ጥይት፥ ቁስልና ቦታ ሳይጠየቅ ያውቃል። የመሪነት ትምህርት የሚሰጥ ክፍል ካገኙ፥ ትምህርቱን ከጨረሱ በኋላም ቢያንስ ለአንድ ወር የቡድን መሪ ብቻ ሆነው ይቆዩ፤ ስምንት ሰው ሦስት ሰው መምራት ለቻለ ብቻ ይሰጣል።

ጓድ መሪ ሲሆኑ ትእዛዝዎን በአምስት ክፍል ይስጡ፦ ሁኔታ፥ ተልእኮ፥ አፈጻጸም፥ ስንቅና ትጥቅ፥ ዕዝና መገናኛ። ተልእኮውን ሁለት ጊዜ ይናገሩት፤ ከዚያም ከሰልፉ ውስጥ በልምድ ታናሹ የሆነውን ሰው ጠርተው «ወዴት ነው የምንሄደው? ለምን?» ብለው ይጠይቁት። እርሱ ከመለሰ ሁሉም ሰምተዋል። ውጊያው ሲጀመር ጠመንጃዎን ዝቅ ያድርጉ። ጓድ መሪ መተኮስ በጀመረ ጊዜ ጓዱ መሪውን ያጣል፤ ዓይንዎ በካርታውና በሰዎችዎ፥ አንድ ጆሮዎ በመቶ አለቃው ሬዲዮ፥ ሌላው በቡድን መሪዎችዎ ላይ ይሁን።

ጨዋታው ካበቃ በኋላ ግምገማ ይደረጋል፤ የአሜሪካ ሠራዊት ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሚሠራበት ልማድ ነው። ምን ልንሠራ አስበን ነበር? ምን ሆነ? ለምን ሆነ? በሚቀጥለው ጊዜ ምን እናደርጋለን? ግምገማ የሚለው ቃል በአገራችን ሰው ጆሮ የሚያሸማቅቅ ድምፅ እንዳለው አውቃለሁ፤ እዚህ ግን ማንም ተነሥቶ የሌላውን ኃጢአት አይቆጥርም። መሪው የራሱን ስሕተት አስቀድሞ ይናገራል፤ ከእርሱ በኋላ የሌሎቹ አንደበት ይፈታል። ስለ ሞርታሩ ቁጥር የነገርኋችሁን ታሪክ ዛሬ ለማሠልጠነው ምልምል ሁሉ በመጀመሪያው የካርታ ትምህርት ላይ እናገረዋለሁ።

ጥቂት ቃል ስለ ቤት

በአገራችን የጦርነት ቁስል ያልደረሰበት ቤት ጥቂት ነው፤ ከአጠገብዎ ባለው ክፍል ወንድሟን ያጣች እናት፥ ወይም ከግንባር የተመለሰ አጎት ተኝቶ ይሆናል። ስለዚህ የተኩሱን ድምፅ በድምፅ ማጉያ አይልቀቁት፤ የጆሮ ማዳመጫ ያድርጉ። ያልሠሩበትን የውትድርና አገልግሎት ሠርቻለሁ አይበሉ፥ በእውነት ያገለገለ ሰው በክፍሉ ውስጥ ካለም ስላየው ነገር እርሱ ካልጀመረ አይጠይቁት። በቀጠሮው ምሽት ልጅ ቢታመም፥ መብራት ቢጠፋ ወይም የቤት ሰው ቢፈልግዎ ይውጡ፤ በመቅረት ፈቃድ የሚቆጣ ክፍል ካጋጠመዎት ደግሞ ሌላ ይፈልጉ።

ለመጀመሪያው የሥልጠና ቀንዎ ሰዓቱን በዙሉ ቆጥረው ካረጋገጡ በኋላ አሥራ አምስት ደቂቃ ቀደም ብለው ይግቡ፤ ማይክሮፎንዎን ይፈትሹ፥ ወረቀትና እርሳስ አጠገብዎ ያስቀምጡ፥ የቡድን መሪዎን ስምና የሬዲዮውን ቁጥር በወረቀቱ ላይ ይጻፉ፥ እስኪጠሩም ድረስ ዝም ብለው ያዳምጡ።